ጋሽ ተክሌ የመለሱት ጥያቄ

ጋሽ ተክሌን በታክስ ክርክር የረታ ሰው አላየሁም። ምርጫ በመጣ ቁጥር፣ ከእሁድ አምልኮ በኋላ ሻይና ሳምቡሳ በሚቀርብበት በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ መሐል ያለው ጠረጴዛ የእሳቸው ነው። ምርጫው የከተማ ይሁን የፌዴራል ግድ የላቸውም። ክራቫታቸውን ላላ ያደርጉና «መንግሥት ማለት» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸዋል!

«መንግሥት ማለት ኪስህ ውስጥ እጁን የሚከት እንግዳ ነው። በፊት በር ብታስወጣው በጓሮ ይገባል።»

የሚገርመው የቤት ታክስ ሊጨምር ነው ሲባል ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እሳቸው ሲሆኑ፣ የራሳቸው የሚሉት አንድ ጡብ እንኳ የላቸውም። ቶሮንቶ ውስጥ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ ሕንፃ ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሥራቸውም የአንድ ኮንዶ ጥበቃ ነው። «ባለቤቱ ላይ የተጫነ ዞሮ ዞሮ ኪራዬ ላይ ነው የሚያርፈው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልዋሽም።

የሚገጥማቸው ፀጋዘአብ ብቻ ነው። የሂሳብ ቢሮ ሠራተኛ፣ ጠንቃቃና ለስላሳ ሰው። «ጋሽ ተክሌ፣ ታክሱን ሁሉ ካት ካደረጉት በረዶውን ማን ይጠርገዋል? ላይብረሪውን ማን ይከፍተዋል?» ይላቸዋል። እሳቸውም «አንተ ልጅ፣ ላይብረሪ ከገባህ ስንት ዓመትህ ነው?» ይሉና ሰዉን ያስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን ሁለቱን ባየሁ ቁጥር መሳቅ ያቅተኝ ነበር።

ምክንያቱን ልናገር። ሩሀማ እባላለሁ። ያኔ የምሠራው እዚያው ሰፈራችን፣ አንድ የአረጋውያን መዋያ ውስጥ ነበር። የመርሳት በሽታ የያዛቸውና ብቻቸውን ቤት መዋል የማይችሉ ሰዎች ጠዋት በሚኒባስ ይመጡልናል። ምሳ ይበላሉ፣ ይዘምራሉ፣ ለስላሳ ኳስ ይወራወራሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። የመዋያውን ወጪ አብዛኛውን የሚሸፍነው ከተማው ነው፤ ማለትም ያ ጋሽ ተክሌ የሚረግሙት ታክስ።

ከሚመጡልን መካከል አንዷ የጋሽ ተክሌ ባለቤት፣ እትዬ ሙሉእመቤት ነበሩ። ድሮ በመዘምራን ውስጥ ከፊት የሚቆሙ፣ ሳቃቸው ከድምፅ ማጉያው የሚበልጥ ሴት። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ሲያቆሙ ሰዉ ጠየቀ። ጋሽ ተክሌም «ጉልበቷን ነው፣ ደረጃው ከበዳት» አሉ። ለጉልበታቸው ስንት ጊዜ ጸለይን! እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ጉልበታቸው ከእኔ ጉልበት ይሻል ነበር።

ሌላዋ እማማ ወለተሥላሴ ናቸው፤ የፀጋዘአብ እናት። ፀጋዘአብም ለሰዉ «እናቴ ብርዱን አትችልም፣ ከቤት አትወጣም» ይል ነበር። ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን እየተቀመጡ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ሲጫወቱ ይውላሉ። በማግሥቱ ተረስቷል። እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ፣ እንደ አዲስ ይዋደዳሉ። ማታ ሚኒባሱ ለየቤታቸው ያደርሳቸዋል። ስለዚህ ጋሽ ተክሌ የፀጋዘአብን ጉድ አያውቁም፤ ፀጋዘአብም የእሳቸውን። የሥራዬ ሕግ ስም ከበር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ካንሰር እንኳ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። የአእምሮ ነገር ሲሆንማ ለዘር የሚተርፍ ነውር ነው። ሚስቱን ጠዋት ለፈረንጅ አስረክቦ ማታ የሚቀበል ሰው ምን እንደሚባል ጋሽ ተክሌ አሳምረው ያውቃሉ፤ ሌሎች ላይ ሲባል ሰምተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም አንገታችንን እንነቀንቃለን። ቤታችን ስንገባ ደግሞ መጋረጃውን እንዘጋለን።

ያን መስከረም፣ የከተማው ምርጫ ሲቃረብ፣ የሰፈራችን የምክር ቤት አባል ለድጋሚ ውድድር ድምፅ ልትለምን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። አስተርጓሚው ያው ጋሽ ተክሌ ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው ጎኗ ቆሙ። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ታክስ ተጠየቀች። እሳቸውም እየተረጎሙ በመሐል የራሳቸውንም ጣል ያደርጉበታል፤ ሰዉ ይስቃል።

በመጨረሻ ሴትየዋ ፊቷን ኮስተር አደረገች። ሁሉም ተወዳዳሪ ታክስ አልጨምርም እያለ ስለሆነ የሚቆረጥ ነገር እየተፈለገ ነው አለች። ከሚቆረጡት አንዱ ሰፈራችን ያለው የአረጋውያን መዋያ ነው። «እኔ ልከራከርለት እፈልጋለሁ፤ ግን ባዶ እጄን መሄድ አልችልም። ከዚህ ቤት ቤተሰቡ የሚገለገልበት አለ? እስቲ እጃችሁን አውጡ።»

ደግ ሴት ናት፤ ግን አታውቀንም። የአበሻን ገመና በአደባባይ እጅ በማውጣት ትጠይቃለች?

ጋሽ ተክሌ ተረጎሙት። አንዲት ቃል አላጓደሉም። ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊት መስመር የተቀመጠውን ፀጋዘአብን አየሁት። እጁ ከጉልበቱ ተነሳ፣ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጆሮውን አከከበት። በልቤ «አውጣው፣ አውጣው» እያልኩ ነው። አንድ ሰው ቢያወጣ ሌላውም ያወጣ ነበር።

ጋሽ ተክሌ ጸጥታውን አልቻሉትም። ዕድሜ ልኩን ሲናገር የኖረ ሰው ዝምታ ያስፈራዋል። ማንንም ሳይጠይቁ በእንግሊዝኛ መለሱላት፤ ቀጥለው ለእኛም በአማርኛ ደገሙት።

«በእኛ ባህል እናትና አባትን ለመንግሥት አንሰጥም። ቤታችን ነው የምንጦራቸው!»

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። አንዲት እናት እልል አሉ። ፀጋዘአብ አጨበጨበ፤ በሁለት እጁ፣ ጠንከር አድርጎ። ሴትየዋ «እንዴት ደስ የሚል ባህል ነው» ብላ ፈገግ አለችና ወደ ቆሻሻ አሰባሰብ ጥያቄ አለፈች።

ካፖርት መስቀያው ጋ ያዝኳቸው።

«ጋሽ ተክሌ፣ ምን ማድረግዎ ነው?»

«ቀስ በዪ! ሰው ይሰማል።»

«ይሰማ! ቢዘጋ እትዬ ሙሉ የት ሊውሉ ነው?»

«አይዘጋም» አሉኝ፣ ካፖርታቸውን እየቆለፉ። «የሰፈሩ ባንግላዴሾች አሉ፣ ፈረንጆቹ አሉ። እነሱ ኮምፕሌይን ያደርጋሉ። የእኛ ስም የግድ ይግባበት?»

ባንግላዴሾቹ የቻሉትን ያህል ጮኹ፤ ፊርማም አሰባሰቡ። አልበቃም። የእኛ እጅ ቢጨመር ያድነው ነበር ብዬ አልምልም። ሴትየዋ ተመረጠች፤ በረዷማው ክረምት አጋማሽ ላይ በጀቱ ሲጸድቅ ግን መዋያው ተቆረጠ። እሷም ቅነሳውን ከሚቃወሙት ጋር ድምፅ አልሰጠችም። ለምን ትስጥ? ከእኛ ማን ለመናት?

በመጨረሻው ቀን ሚኒባሱ አልነበረም፤ ቤተሰብ ራሱ መጥቶ እንዲወስድ ተነገረ። ጋሽ ተክሌ በጥበቃ ዩኒፎርማቸው ቀድመው ደረሱ። የእትዬ ሙሉን ጫማ እያሰሩ ሳለ በሩ ተከፈተና ፀጋዘአብ በረዶውን እያራገፈ ገባ። ተያዩ። ጋሽ ተክሌ ከተንበረከኩበት ሳይነሱ ቀሩ።

«እማዬን ልወስድ ነው» አለ ፀጋዘአብ፤ የጠየቀው ሰው ሳይኖር።

መስኮቱ ጋ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለ አንድ ሰርግ ያወራሉ፤ የማን ሰርግ እንደሆነ እነሱም አያውቁም።

«ያን ቀን እጄን ላወጣ ነበር» አለ ፀጋዘአብ በመጨረሻ። «ትንሽ ቢታገሱኝ ኖሮ።»

«አንተ እኮ አጨበጨብክ» አሉት ጋሽ ተክሌ። ድምፃቸው እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም።

ሴቶቹን ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደብን። እማማ ወለተሥላሴ «ልጄን ወዴት ነው የምትወስዷት?» እያሉ አለቀሱ። ከእሳቸው በዕድሜ ብዙም የማያንሱትን ሴት ነው ልጄ የሚሏት። እኔም አለቀስኩ፤ ሥራዬም አብሮ ማለቁ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ፀጋዘአብ እናቱን ከቶሮንቶ ርቆ ባለ ከተማ የአረጋውያን ቤት አስገባቸው። አማርኛ የሚሰማ የለም፤ እሳቸውም መናገር አቁመዋል አሉ። እኔ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሥራ አገኘሁ። ምልልሱ ቀኔን ይበላል። ጋሽ ተክሌም እሁድ እሁድ መምጣት ተዉ። መሐል ያለው ጠረጴዛ ላይ አሁን ወጣቶች ስልክ ይጎረጉሩበታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሾርባ ይዤ ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድኩ። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ እትዬ ሙሉ ከውስጥ።

«ሩሀማ ነኝ።»

«ግቢ፣ ግቢ እንጂ!» የበሩ እጀታ ከፍ ዝቅ አለ። አሁንም ከፍ ዝቅ። «እምቢ አለኝ እኮ! አንቺ፣ እስቲ ግፊው።»

ያኔ ነው ያየሁት። ከውጭ በኩል፣ ከእጀታው በላይ፣ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አዲስ ነው፤ የብሎኑ ብናኝ እንኳ ምንጣፉ ላይ አልተጠረገም። ጎረቤት በአጠገቤ አለፈ፤ አየው፤ አንገቱን ደፍቶ ሊፍት ገባ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩና በበሩ በኩል አጫወትኳቸው። አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ እጀታውን ይታገላሉ፣ አንዳንዴ «ማነው?» ይሉኛል።

ጋሽ ተክሌ ከሥራ ሲመለሱ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር። ሲያዩኝ ቆሙ።

«እሳት ቢነሳስ?» አልኳቸው። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

«ባለፈው ወጥታ ዳንፎርዝ መሐል መንገድ ላይ አገኟት። ምን ላድርግ? ሥራዬን ብተው ኪራዩን ማን ይከፍላል?»

«ነገ እሁድ ነው። ቆመው ለሰዉ ይንገሩ። ለወላድ ተራ ገብተን እናርስ የለ? ለእሳቸውም ተራ እንገባለን። እኔ እጀምራለሁ።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልኩትን ሰምተሻል። ያጨበጨበልኝን ሰው አሁን ምን ብዬ ዓይኑን ልየው?»

«እና ለዚያ ሲባል እሳቸው ይቆለፍባቸው?»

ጮኼ ኖሯል። እጀታው ተንቀሳቀሰ። «ተክሌ!» አሉ እትዬ ሙሉ። «እዚያ ማን አለ? ሰው መጥቷል?»

ጋሽ ተክሌ ዓይኔን እያዩ፣ «ማንም የለም ሙሉዬ» አሏቸው። ጓጉንቸሩን ከፍተው ገቡና፣ በሩን ከውስጥ ቆለፉት።