አባት የተሳፈሩበት ፈተና

ወላጆቿ «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብለው ቤቷ መጡ። ሦስተኛው ወር ሲገባ የአባቷ ካፖርት አሁንም ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል፤ የሚወርድም አይመስልም። ወላጅ መቼም «መቼ ትሄዳላችሁ?» ተብሎ አይጠየቅም። ደግሞ ትወዳቸዋለች፤ ባትወዳቸውማ ነገሩ በቀለለ።

አባት ጡረታ እስኪወጡ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። መጋዘኑን አስረክበው ሲያበቁ የልጃቸውን ቤት ተረከቡ። ድስቶቹ ቦታ ተቀየረላቸው፤ ሬዲዮው ጎህ ሳይቀድ ይለፈልፋል፤ ሻዩ «ቀዘቀዘ» ተብሎ ይመለሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ «አፌን ልታቃጥይኝ ነው?» ይባላል። እናት በበኩላቸው ልጃቸው አጠገባቸው ካልተቀመጠች እህል አይቀምሱም። እሷ ሚኒባስ ስትነዳ ውላ ወገቧ ተቆርጦ ትገባለች፣ ከዚያ የቤቱ ተላላኪ ትሆናለች። እምቢ ትበላ! ለማን? ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን ተቃውማ አታውቅም።

አንድ ቆርጣ የተነሳችበት ነገር ግን ነበራት፦ ትልቁን የከተማ አውቶቡስ መንዳት። የአውቶቡስ ድርጅቱ ፈተና በመደበኛው መስመር ላይ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ነው። አምና አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ጣይኝ» ቢሏት አንጀቷ አልችል ብሎ ከፌርማታ ውጪ ቆመችላቸውና ወደቀች። ዘንድሮ ከወደቀች ሌላ ዕድል የለም፤ እንዲህ ብለው ቁርጧን ነግረዋታል።

የፈተናው ዕለት ጠዋት እናቷን የጉልበት ሕመማቸው ተነሳባቸው። አባት «ክሊኒክ አድርሺን» አሉ። ከሰዓት እወስዳችኋለሁ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ ብላ ብትለምን ማን ሰምቷት። ወልዶ ማሳደግ ትርፉ ይሄ ነው ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። እያዘነች ወጣች።

ፈታኙ ከኋላዋ ተቀመጠ፤ ጉዞው ተጀመረ። መስመሩ በሰፈሯ በኩል ያልፋል። ፌርማታው ጋ ስትደርስ ማንን ብታይ ጥሩ ነው? አባት፣ እናትን ክንዳቸውን ደግፈው! አኩርፈው በራሳቸው ሊሄዱ ወጥተው ኖሯል። ልጃቸውን መሪው ላይ ሲያዩ ኩርፊያው በአንዴ ጠፋ፣ አውቶቡሱም የግላቸው ሆነ። የፊት ወንበር ላይ ተሰየሙና ሥራ ጀመሩ። ቀስ በይ፤ ያንን ሞተረኛ እዪው፤ ክላክስ አድርጊ እንጂ፤ መሪ እንዲህ ነው የሚያዘው? ፈታኙ ከኋላ ሆኖ ሁሉንም ያያል። የእሷ ላብ በጀርባዋ ይወርዳል።

ክሊኒኩ ያለው ከሚቀጥለው ፌርማታ በፊት ነው። በሩ ፊት ሲደርሱ አባት ብድግ አሉ።

«እዚህ ጋ አቁሚ። እናትሽ መራመድ አትችልም።»

እግሯ ወደ ፍሬኑ ሊሄድ ቃጣው። እኚህ እንደ አምናው ሽማግሌ ባዕድ አይደሉም፤ እናቷም እውነት ነው፣ አሟቸዋል።

«አባዬ፣ እኔ የምቆመው ፌርማታ ላይ ነው። እስክቆም ቁጭ ይበሉ።»

ሰማይ አልተደፋም። አባት ተመልሰው ቁጭ አሉ። ፌርማታው ላይ አውቶቡሱን ከእግረኛ መንገዱ ጋር አጋጥማ አቆመችው፤ እናቷ ወርደው ሁለት እግራቸው መሬት እስኪይዝም በሩን አልዘጋችም። አባት ዞር ብለው ሳያዩዋት ሄዱ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ፈታኙ እጁን ዘረጋላት፤ እንደዚያ ያለ አስቸጋሪ ተሳፋሪ በፈተና ቀን አጋጥሞት እንደማያውቅ ነግሯት እንኳን ደስ ያለሽ አላት። አባቴ ናቸው ስትለው ሳቁን መያዝ አቃተው።

ማታ የአባቷን ቁጣ ልትችል ተዘጋጅታ ስትመጣ አባት ደጅ ላይ ጎረቤቱን ሰብስበው ያወራሉ። ደረታቸው ተነፍቷል።

«እኔ ወላጅ አባቷ ነኝ፤ ለእኔም አላቆመችም! ቀልድ የለማ! እንዲህ ያለ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ቀና ብለው አዩዋት። ማለፏን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት በእጃቸው ዝም አሰኟት፤ የሰፈሩ ባለሱቅ አሁን ገና ስለመጣ ወሬውን ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባቸው።