የኦቦ ገመቹ የካርቦን እግር

«ይሄኛው አያምህም አይደል?» እያለ፣ እየሳቀ ነው አንዱ ወታደር የጎረቤቴን የኦቦ ገመቹን ሰው ሠራሽ እግር በዱላ ደጋግሞ የመታው።

ትናንት ነው፤ እዚሁ ቡራዩ፣ መንገዱ የተዘጋበት ጋ። እግሯ ከካርቦን ፋይበር የተሠራች ናት፤ ከውጭ በስንት ልመና የመጣችላቸው።

ዛሬ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ይዘዋት ቤቴ መጡ። የኔ ሥራ እንዲህ ያለ የካርቦን ዕቃ ውስጡ መጎዳት አለመጎዳቱን በአልትራሳውንድ መፈተሽ ነው፤ መሣሪያውም ቤቴ ነበር።

ላይዋ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የአልትራሳውንዱን ጄል ስቀባት «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አርግዛለች እንዴ?» ብለው ሳቁ።

መሣሪያው ግን ውስጧን አሳየኝ። የተደራረቡት የካርቦን ንጣፎች እርስ በርስ ተላቅቀዋል።

«ኦቦ፣ እባክዎ አያድርጓት። ድንገት ትሰበራለች።»

«የእህቴ ልጅ ዛሬ መናገሻ ይቀበራል። መኪና የለም። በምን ልሂድ ታዲያ?»

አጥብቀው አሰሯትና ወጡ።

ከሰዓት ሁለት ሰዎች ተሸክመው መለሷቸው። ገፈርሳ ሳይደርሱ እግሯ ለሁለት ተሰብራ ወድቀዋል። ደህነኛው ጉልበታቸውም አብጧል። ቀብሩ አመለጣቸው።

«ያሟረትሽብኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ምትክ እግር የሚገኝበትን የምታውቁ ንገሩኝ። ሰሞኑን እንዲህ የተመታባችሁ ሰው ካለም ጻፉልኝ።