ለባለጭራ የሚሆን ሱሪ

መቱ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ የስፌት መኪናዬን ካቆምኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት መምህር ሱሪ ሊያሳጥር መጣና፣ ደብተሬ ላይ የሣልኳቸውን ቀሚሶች አይቶ ቆመ።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የሣሉት?»

«ሥራ ሲጠፋ እጄ ዝም አይልም» አልኩት።

ለልጆች በኦሮምኛ ተረት እየጻፈ ኖሯል። እንደ ሰው ቤት ሠርተው፣ ልብስ ለብሰው ስለሚኖሩ የጉሬዛ ቤተሰቦች። አባትየው በሚኒባስ ጎሬ ከተማ ይሄዳል፣ እናትየው ገበያ ትወጣለች። መምህሩን የቸገረው ጭራቸው ከልብሱ ጋር እንዴት እንደሚሆን ነው። እንደ መቀነት ወገባቸው ላይ ሊጠመጥመው አስቧል።

«እንዲያ ታስሮ ማን ይውላል?» አልኩት። «ሥዕሉን ለኔ ይተዉልኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ!» አለ ደስ ብሎት። መጽሐፉ ላይ ስሜ ከስሙ ጎን እንደሚወጣም ነገረኝ።

ያን ክረምት ሐሳቤ ሁሉ ጉሬዛ ሆነ። ከጎሬ ወዲያ፣ ቡሬ ያለችው አክስቴ ጓሮ ካለው ዛፍ ላይ ሲቀመጡ ጭራቸው ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንደሚንጠለጠል በልጅነቴ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሱሪው ላይ ክብ ቀዳዳ አወጣሁ፤ ግን ያ ሁሉ ፀጉራም ጭራ ጠዋት ጠዋት በቀዳዳ ሲጎተት ታየኝና ሳቄ መጣ። ኋላ ከወገቡ ጀምሬ ሰነጠቅሁትና ከጭራው በላይ በሦስት ቁልፍ የሚዘጋ አደረግሁት። በጨርቅ አሻንጉሊት ላይ ለካሁት፤ አስቀመጥኩት፣ አስጎነበስኩት። የእናትየውን ቀሚስ ከኋላ በእጥፋት ከፈትኩላት።

ጉሬዛዎቹ ለሚቀመጡበት ወንበር ታላቅ ወንድሜ ጋ ሄድኩ፤ አናጢ ነው። መደገፊያው እስከ መቀመጫው ከወረደ ጭራው መውጫ ያጣል አልኩት። እየሳቀ በቁራጭ እንጨት ሥሩ ክፍት የሆነ ትንሽ ወንበር ሠራልኝ። «ሰውም ቢቀመጥበት ወገቡን ያናፍሰዋል» አለ። ከዚያ ወዲህ አብረን እንደዚያ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም።

ሥዕሎቹን፣ አሻንጉሊቱን፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም ጠቅልዬ ለመምህሩ ሰጠሁት። ሊያሳትመው አዲስ አበባ ይዞት ሄደ።

መጽሐፉ እዚሁ መቱ ሲመረቅ አዲስ ቀሚስ ሰፍቼ ሄድኩ። ሥዕሎቹን ሌላ ሰው በቀለም አሳምሮ እንደገና ሥሏቸዋል። ሦስቱ ቁልፎች ግን ነበሩ፤ ወንበሩም ነበር። ስሜ የለም። ከፊት ገለጥኩ፣ ከኋላ ገለጥኩ። አንድ እንግዳ ተነሥቶ ሱሪውን እንዴት እንዳሰበው ሲጠይቀው፣ መምህሩ «ብዙ እንቅልፍ አጥቼበታለሁ» ብሎ ተጨበጨበለት።

በር ላይ ጠበቅሁት።

«መምህር፣ ስሜስ?»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ የሰፉት አሻንጉሊት ነው» አለኝ፣ ዓይኑ እንግዶቹ ላይ ሆኖ። «ይሄ መጽሐፍ ነው።»

እዚያው ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ። መጽሐፉ ያኔ ሦስተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ክፍል ገባ። እጇን አውጥታ «ይሄን ሱሪ ያሰበችው እናቴ ናት» አለች። ልጆቹ ሳቁባት። መጽሐፉን የጻፈው ያው መምህር ከፊት አቁሞ፣ ስለዋሸች ይቅርታ አስጠየቃት።

እያለቀሰች መጣች። የማሳያት አንድ ወረቀት እንኳ አልቀረኝም። እርሳስ አንሥቼ እዚያው ፊቷ አባትየውን ጉሬዛ ከነሱሪው ሣልኩላት።

ትክ ብላ አየችውና «ከመጽሐፉ አይተሽ ነው» አለች።

እጇን ይዤ ወንድሜ ጋ ወሰድኳት። ከኔ ሌላ የሚያውቅልኝ እሱ ብቻ ነው። ስንደርስ የዴስክ እግር ይልግ ነበር። የትምህርት ቤቱን ዴስኮች እንዲሠራ ያገናኘው መምህሩ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ወንድምጋሼ፣ ንገራት» አልኩት። «ያንን ወንበር ማን እንዳሠራህ ንገራት።»

መላጊያውን አላቆመም። «ስንቱን ወንበር ሠርቻለሁ፤ የቱን አስታውሳለሁ?» አለ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ «መምህርሽን አክብሪ፣ እሺ?» አላት።

መንገድ ላይ ልጄ እጇን ከእጄ አወጣች።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። ስለዚያ ሱሪ ዳግመኛ አንሥታብኝ አታውቅም፤ እኔም አምናኝ እንደሁ ጠይቄያት አላውቅም። ከወንድሜ ጋር ሠርግና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ደኅና ነህ፣ ደኅና ነሽ ተባብለን እንለያያለን።