የዓርቡ ዓሣ

ያለምወርቅን የሚያውቃት ሁሉ ግትር ናት ይላል። ይበል! አብሬያት በረሃ የወረድሁት እኔ ጎረቤቷ አመተ ሥላሴ ግን ግትርነቷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ሦስተኛውን ስታረግዝ ለእመቤታችን ተሳለች፤ «ይኸን ካኖርሽልኝ፣ ብሞትም ጦም አልገድፍም» ብላ። ማን ይፈርድባታል?

ጣሊያን ከሮብ ገበያ በላይ ያለውን መንደራችንን ያቃጠለው እርግዝናዋ ሰባት ወር ሲሞላው ነው። ድረስ የሚባለው ባሏ ዱር ቤቴ ብሎ ነበር። እኛ ሴቶቹ የቻልነውን ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድንና ዋሻ ገባን። የያዝነው ጥሬ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ያለምወርቅ ፊቷ ገረጣ፣ እግሯ አበጠ፣ ልጁም ሆዷ ውስጥ መገላበጡን ቀነሰ። «አመቴ፣ ዝም አለብኝ እኮ» ትለኛለች፣ ሆዷን ይዛ። እኔ ምን አባቴ ላድርግ?

የበረሃው ሰው አያ ወልደ ሰንበት አዘኑላት። አንድ ዓርብ ጧት ከወንዙ ሁለት ትልልቅ ዓሣ አጥምደው መጡ፤ ዓሣዎቹ ገና ይንፈራገጣሉ። እኛ ደገኞቹ ዓሣ በዓይናችንም አይተን አናውቅ፣ ወደ ኋላ ሸሸን። ሳቁብን። «አይ ደገኞች! አይነክሳችሁም» አሉ። ከዚያ ወደሷ ዞረው ኮስተር አሉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ። አንጀቱን ያውጡልሽ፣ በደንብ ያብስሉትና ዛሬውኑ ብይ። ዓሣ አያድርም።»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፣ አያ» አለቻቸው።

«በነፍሰ ጡር እግዜር አይቆጣም።»

«ስለት አለብኝ። ነገ ጧት እበላዋለሁ።»

ለመንናት። «አፈር ስሆን ቅመሽ» አልኋት። እምቢኝ አለች! ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እኛ ያደግነው ጮቄ ሥር ነው። በኛ አገር የታረደ ሥጋ ብርዱ እየጠበቀው ሰንብቶም ይበላል። አንድ ሌሊት ቢያድር ምን ይሆናል አልንና ዓሣውን በቅጠል ጠቅልለን ዋሻው ጥግ አኖርነው። ያ የበረሃ ሙቀት የሚሠራውን የት እናውቃለን!

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ የጣሊያን አውሮፕላን ጭሳችንን ሳያይ፣ እሳት አንድደን ጠበስነው። ኧረ ሽታው! ግን ከመካከላችን የደኅና ዓሣ ሽታ የሚያውቅ ማን አለ? «ዓሣ እንዲህ ነው የሚሸት» አለች አንዷ። ሁላችንም አመንናት። ያለምወርቅ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ለልጄ ነው» እያለች፣ አንዱን ዓሣ ጨረሰች፤ ሌላውን እኛ አልደፈርነውም። ስትጨርስ ሆዷን ደባብሳ ሳቀችልኝ። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቀትር ሳይሆን ያስመልሳት ጀመር። ተቅማጥ ተከተለ፣ ቀጥሎ ምጥ መጣ። «ማርያም፣ ማርያም» ከማለት በቀር ምን እናውቃለን? አዋላጇ ስንሸሽ ተለይታናለች። ሽቅብ ተሸክመን እንዳንወስዳት ገደሉ አፋፍ ላይ የጣሊያን ምሽግ አለ። «አመቴ፣ አድኝልኝ» እያለች እጄን ጨመቀችው። ውሃ አቀረብሁላት፣ ላቧን ጠረግሁላት፤ ሌላ የማውቀው የለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። ፀጉር አላት፣ ጥፍሯ እንኳ ወጥቷል። ድምፅ ግን የላትም።

ጣሊያን ሲወጣ ወደ መንደራችን ተመልሰን ቤት ሠራን። ድረስም ከዱር በደኅና ገባ። እግዜር ግን ዳግመኛ ልጅ አልሰጣቸውም። ቆይቶ እኔ ሳረግዝ፣ ያለምወርቅ ዓርብ በመጣ ቁጥር ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ በጧት ደጄ ከች ትላለች። ቄሱ ይኸን ሰምተው አንድ ዓርብ ቤቴ ድረስ መጡ።

«አንች ሴት፣ ምነው የሰው ጦም ታስገድፊያለሽ?» ብለው ተቆጧት።

ቀና ብላ አየቻቸው። «እኔ ጦምሁላት እኮ፣ አባ» አለች።

ያለምወርቅ እንቁላሉን ልጣ አሸተተችው፣ ደግማ አሸተተችው፣ ከዚያ በእጇ አጎረሰችኝ።

«አሁኑኑ ብይ» አለችኝ። በላሁ፤ ምን ላድርግ።