በአፍሮዬ ያለፉት ሰባት ከረሜላዎች

ያን ጊዜ አፍሮዬ ገና የሦስት ወር ዕድሜ ነበረው። አባቴ «ይኼ ጫካ» እያለ ይጠራዋል። ወደ ሶደሬ ልንነሳ ስንል አስጠነቀቀኝ።

«በዚህ ጸጉርሽ ሰበብ አንዲት ነገር ብሰማ መቀስ ነው። ሰምተሻል?»

መስማትማ ሰምቻለሁ።

ናዝሬት ስንደርስ የአባቴ ወዳጅ ፎርማን የሆነበት ትንሽ የከረሜላ ፋብሪካ ጎራ አልን። ስኳር በቀበሌ ወረፋ በሚገኝበት ዘመን፣ ስኳር በትልቅ ድስት ሲፈላ ማየት ምን እንደሚመስል አስቡት! የፈላውን ቀይ ስኳር ዘይት በተቀባ የብረት ጠረጴዛ ላይ ያፈሱታል፤ ሁለት ወንዶች እንደ ሊጥ እያሹ ይስቡታል፤ ሴቶቹ ደግሞ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እያንዳንዷን ከረሜላ በወረቀት ጠቅልለው፣ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ አድርገው ይወረውራሉ።

«እዚህ እስክትጠግቡ ብሉ» አለን ፎርማኑ። «ከበር ግን አንዲትም አታልፍም። እኔንም ጫማዬን አስወልቀው ነው የሚፈትሹኝ።»

እንዲህ ባይል እኮ ሐሳቡም አይመጣልኝም ነበር! ሰባት አነሳሁ። ወረቀታቸው እየተንኮሻኮሸ እንዳያጋልጠኝ አንድ በአንድ ላጥኩና አፍሮዬ ውስጥ ወሸቅኋቸው። በብልጠቴ ኮራሁ።

በር ላይ የሚፈትሹት ትልቅ ሴትዮ ከአባቴ ጋር «አካም ጅርቱ» ተባብለው ከተሳሳቁ በኋላ ኪሴን፣ ካልሲዬን፣ የጫማዬን ውስጥ ዳበሱ። ከዚያ ቀና ብለው ጸጉሬን አዩ።

«ይኼን የመሰለ ጸጉር ማን አበጠረልሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ እትዬ።»

«እግዜር ይጠብቅልሽ!»

ጠበቀልኝ፤ እስከ መኪናው ድረስ።

የሶደሬን መንገድ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጆሮዬ ሥር አንድ ነገር ተንፏቀቀ። ቀጥሎ ዝንቦች መጡ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ብታባርራቸው፣ ብታባርራቸው፣ ተመልሰው እኔ ላይ።

«ጫካ ካለ አውሬ አይጠፋም» አለ አባቴ።

ግንባሬን በመዳፌ ጠረግሁና ሳላስበው መዳፌን ላስሁት። ቀና ስል አባቴ በመስታወቱ እያየኝ ነው።

መኪናውን አቆመ። ጣቱን ጸጉሬ ውስጥ ሰደደ፤ ተጣበቀ።

«ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«መቀስ ይዘሻል?» አላት እናቴን። እሷም ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች።

«አባዬ፣ እባክህ! ስኳር እኮ ነው፣ ሙቅ ውሃ ያሟሟዋል! ሶደሬ ደግሞ ውሃው ከመሬት ነው የሚፈላው!»

ሞተሩን አስነስቶ ነዳ።

ሶደሬ ደርሰን ሙቁ ውሃ ሥር አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ቅማል እንደምትለቅም ጸጉሬን ስትፈለፍል ሦስቱ ሟሙተው ሄዱ፣ አራቱ እንደ ጠጠር ወጡ። አባቴ አንዷን አነሳ፤ የተጣበቀባትን ጸጉር ነቅሎ አፉ ውስጥ ጣላት። እኔ መቀሱን እየጠበቅሁ ነው።

«ጸጉሩ ለጊዜው ይቆይ» አለ፣ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዛወረ። «ነገ ስንመለስ ወዳጄን ሳልሰናበተው ባልፍ ይቀየመኛል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግን ከነወረቀታቸው!»