የአሰለፈች ሐሙስ

አሰለፈች ሮም ውስጥ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ፣ የራሴ የምትለው ሐሙስ ከሰዓትን ብቻ ነበር። ያን ሐሙስ ደግሞ የስልክ ቀጠሮ ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ በማግስቱ ወደ ማሠልጠኛ ሊገባ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ጎረቤት ቤት ተቀምጦ ስልኳን ይጠብቃል።

አሠሪዋ ሲኞራ ግን የባሕር ወፍ ነገር ከተነሣ ሌላ አይታያትም። "አሎራ፣ በይ እንግዲህ፣ ዛሬ ባሕር እወስድሻለሁ፤ ስጦታዬ ነው!" ብላ፣ እንቢታዋን ሳትሰማ ከአንዚዮ ወደብ እንደሷ ወፍ ሊያዩ ከመጡ ሰዎች ጋር ጀልባ ላይ ጫነቻት። ዘጠኝ ሰዓት እንመለሳለን የተባለው አሥራ አንድ ሆነ፤ አሁንም የብስ አይታይም።

አሰለፈች የጀልባውን ጠርዝ ተደግፋ ስታስመልስ፣ ወፍ ተመልካቾቹ ሁሉ አቅራቢ መነጽራቸውን ወደ እሷ አዙረው "ቤርታ! ቤርታ!" እያሉ ጮኹ።

ደሟ ፈላ። "ለሴት በርቺ ነው የሚባለው! መልሱኝ እንጂ ምን በርታ በርታ ትሉኛላችሁ?" ብላ በአማርኛ አንባረቀችባቸው።

"ዝም በይ፣ ታባርሪያታለሽ!" አለች ሲኞራዋ፣ ከአሰለፈች ኋላ ማዕበሉን እየታከከች የምትበር ቡናማ ወፍ እያሳየቻት። ቤርታ ለካ የወፏ ስም ኖሯል።

ማታ ሮም ተመልሳ፣ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው ስልክ ቤት ስትደውል ያነሱት ጎረቤቷ እትዬ ወለተ ገብርኤል ናቸው።

"የኔ ልጅ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀሽ። ሰዓት እላፊ እንዳይደርስበት ሄደ" አሏት።

ለወንድሟ ልትለው ያዘጋጀችው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ "በርታ"። እሱኑ ለወፍ ሲጮኹት ዋሉ።