ምስል ይቅደም

በእኛ መሥሪያ ቤት ሁሉም «ሽቦ» ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ኪሱ ቢፈተሽ ከሽቦ ሌላ ነገር አይገኝበትም። የኔትወርክ ባለሙያችን ነው። ቃል እንዳያልቅበት የሚፈራ ይመስል ቆጥቦ ነው የሚናገረው። እኔ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የሰው ወሬ ስጽፍ ስለምውል ዝምተኛ ሰው ምን ያህል እንደምወድ አትጠይቁኝ።

ሽቦን ያሳደጉት እናቱ መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ፊደል ሳይቆጥር በእጁ ማውራት ቻለ። አብሯቸው ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሙ «እናትህን ምን አመማቸው?» እያለ እሱን ይጠይቀዋል፤ እሳቸውን ቀና ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። ነግሮኝ ሲያበቃ በእጁ የያዘውን ገመድ መጠቅለል ቀጠለ። አንጀቴን በላኝ።

ድርጅታችን ልብስ ይሰፋል። ዋናው ቢሮ እዚህ፣ ፋብሪካው ሌላ ከተማ ነው። ድሮ ስብሰባ ማለት አንድ ስልክ ጠረጴዛ መሐል አስቀምጦ ዙሪያውን መጮህ ነበር። ኋላ ድምፁም፣ ምስሉም፣ ፋይሉም በአንድ መስመር ይሂድ ተባለና ሥራው በሽቦ ላይ ወደቀ። ግድግዳ በሳ፤ ጠረጴዛ ሥር እየገባ እግሬን ረጋገጠኝ። ሲጨርስ ግን የፋብሪካው ሰዎች ፊት፣ ድምፃቸውና የልብሱ ንድፍ አንድ ላይ ግድግዳችን ላይ መጡ።

በዚህ ከሁሉም በላይ የተደሰተችው የፋብሪካው ጨርቅ ቆራጭ ናት። ቆራጭም ናት፣ ቆራጥም። መስማት ስለተሳናት በስልኩ ስብሰባ ዘመን የሚጠራት አልነበረም። አሁን የቆረጣ ክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ሆኖ አመልክታለች፤ ሥራ አስኪያጃችን ራሱ ሊጠይቃት ነው። እሷ እዚያ ሆና በምልክት ትናገራለች፣ ሽቦ እዚህ ሆኖ እጇን እያየ ድምፅ ይሆናታል። ነገሩ የታሰበው እንዲህ ነበር።

በቀጠሮው ቀን እጆቿን አንስታ ጀመረች። ወዲያው ከፋብሪካው የሆነ ቢሮ ትልልቅ ፋይል መላክ ያዘና መስመሩ ተጨናነቀ። ምስሏ ቀጥ አለ። አጠገቧ የተቀመጠው የፋብሪካው ኃላፊ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይመጣል። እሱን «ሬዲዮ» እንለዋለን፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ማጥፊያ ቁልፍ ነው የሌለው። «እሷ ማለት የፈለገችው ጨርቅ አነሰን ነው!» አለ። ምስሉ ሲመለስ እሷ ተናግራ ጨርሳ እጇን አጣጥፋለች።

«ክፍል የሚመራ ሰው ሐሳቡን መግለጽ አለበት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለሳምንት እንደገና እንሞክር። ካልሆነ ሌላ ሰው እመድባለሁ።»

ሽቦን ማሽኖቹ ካሉበት ክፍል አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አይዞህ፣ መስመሩ ነው ጉድ የሠራህ» አልኩት።

«መስመሩ አይደለም እትዬ፤ እኔ ነኝ። ሲጨናነቅ አንዱ መቅደም አለበት። ድምፅ ይቅደም፣ ምስል ይጠብቅ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የትም የሚደረገው እንደዚህ ነው። ሰው ባያይም ከሰማ ይግባባል ተብሎ።» ከፊቱ ያለውን ማሽን በመዳፉ መታ አደረገ። «የእሷ ድምፅ እኮ ምስሏ ነው። እናቴ አሳድጋኝ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ቀይረዋ!» ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

«ከቀየርኩት የሬዲዮ ድምፅ ይቆራረጣል።»

«እሱማ ምርቃት ነው!»

እንደ ምንም ሳቀ። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዶ ቀየረው።

በሁለተኛው ስብሰባም መስመሩ አልማረንም። ሬዲዮ «እሷ ማለት የ... የፈለ...» ብሎ አፉ ብቻ ይከፈት ይዘጋ ጀመር። የእሷ እጆች ግን አንዴም አልቆሙም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የእጅጌውን ንድፍ አሳየችን። የሽቦ ድምፅ በብርድ የሚነሳ አሮጌ መኪና ነው፤ በዚያ ድምፅ «እጅጌውን በዚህ በኩል ባዞረው ኮሌታው ከቁርጥራጩ ይወጣልኛል» አለች። ወንድ ልጅ ቢናገረውም ሰሚው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር።

«ከሥርሽ ያለ ሠራተኛ ጨርቅ ቢያበላሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት ሥራ አስኪያጁ። ሽቦ በእጁ ነገራት።

«ሳይቆርጥ በፊት አጠገቡ እቆማለሁ» አለች። «ከተቆረጠ በኋላ ቢጮኹበት ጨርቁ አይገጥምም። እኔ ደግሞ መጮህ አልችልበትም።»

ሥራ አስኪያጁ ከት ብሎ ሳቀ። ጥቂት አሰበና «በቃ፣ ክፍሉን ተረከቢ» አለ። ሽቦ ይህን ሲነግራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ምን ይደረግ።

ከዚያ እጆቿን አነሳችና ወደ ሽቦ ብቻ እያየች አንድ ነገር አለችው። 

«ምን አለች?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሽቦ አቀረቀረ። «ለእኔ ነው» አለ፤ ዓይናችን ሁሉ እሱ ላይ መሆኑን ሲያይ ግን ቀጠለ። «በአንተ አፍ ስናገር ድምፄ ያምራል ወይ አለችኝ።»

ሬዲዮ እንኳ አፉን ገጥሟል።

«ያምራል በላት እንጂ!» አልኩት።

እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። እንባው መጥቶበት አልቻለም።

«እንዴት ነው የሚባለው?» አልኩት። አሳየኝ። ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁና ካሜራው ፊት ቆሜ እኔው ነገርኳት።